አድሬናል ዕጢዎቼ ሥራ ካቆሙ ወዲህ የተማርኩት

ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰዎችን አስቤ ነው። አንደኛው፣ ለወራት ሲደክመው፣ ሲከሳና ሲያቅለሸልሸው ከርሞ በየሄደበት «ምንም አልተገኘም» እየተባለ የሚመለስ ሰው ነው። ሁለተኛው፣ በኩላሊቶቹ አናት ላይ ያሉት አድሬናል የተባሉ ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎቹ መሥራት እንዳቆሙ ተነግሮት ኪኒኑን ይዞ ወደ ቤቱ የገባ፣ ነገር ግን ሌላ ሕመም በላዩ ላይ የመጣ ቀን ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ያላስረዳው ሰው ነው። እኔ በሁለቱም በኩል አልፌያለሁ፤ በሁለቱም ጊዜ ከሞት አፋፍ ተመልሻለሁ። መድኃኒቱ በሁለቱም ጊዜ በቅርብ ነበረ፤ የጠፋው እውቀቱ ነበር። ስለዚህ ትንንሹን ዝርዝር ትቼ ሰው የሚያተርፈውን እነግራችኋለሁ።

ሕመሙ ቀን ቆርጦ አልጀመረኝም። መጀመሪያ የመጣው ድካም ነው፤ ግን በእንቅልፍ የሚለቅ ድካም አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሣ ጉልበቴ ከድቶኛል። ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ መደገፊያውን ይዤ እተነፍሳለሁ። ቀጥሎ ምግብ ጠላሁ፤ ልብሴ ሰፋኝ፤ ሆዴን እየቆረጠ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልማል፤ ግድግዳ ካልያዝኩ እወድቃለሁ።

ጨጓራ ነው ተባለና የጨጓራ መድኃኒት ወሰድኩ። ደም ማነስ ነው ተባለና የብረት ኪኒን ዋጥኩ። ጭንቀትና ድብርት ነው ያሉም ነበሩ። በእርግጥም ተጨንቄ ነበር፤ ሰውነቱ ከእጁ እየወጣ ያለ ሰው ቢጨነቅ ምን ይገርማል? በአንዱ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ሶዲየም ዝቅ፣ ፖታሲየም ከፍ ማለቱ ተጽፎ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲታዩ ወዴት እንደሚያመለክቱ ያየ ሰው ግን አልነበረም። የምርመራ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ። ወደ አዲስ ሐኪም ስትሄዱ ሁሉንም በቀን ቅደም ተከተል አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ያለፈውን ሌላው ያየዋል።

ሁለት ምልክቶች ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይለዩ ነበር። የመጀመሪያው ጨው ነው። ምግብ ሁሉ ሲያስጠላኝ ጨው ግን ያምረኝ ነበር፤ ከዕቃው በጣቴ ጫፍ እያነሣሁ እልሰው ነበር። ማንም ሐኪም ስለዚህ አልጠየቀኝም። እናንተ ሳትጠየቁም ተናገሩት። ለመናገር የሚያሳፍር የሚመስል ነገር አንዳንድ ጊዜ የበሽታውን ስም ይዞ ይገኛል።

ሁለተኛው የቆዳዬ መጥቆር ነው። «ፀሐይ መትቶሃል» ይሉኝ ነበር። ነገር ግን ፀሐይ የማይደርስበት ቦታም ጠቁሮ ነበር። የመዳፌ መስመሮች በእርሳስ የተሰመሩ መሰሉ። የጣቶቼ መገጣጠሚያዎችና ክርኖቼ ጠቆሩ፤ ድዴ ላይና በጉንጬ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበሩ ጥቁር ነጠብጣቦች ወጡ፤ በዚያው ሰሞን ከቁስል የዳነ ጠባሳ ከሌሎቹ ጠባሳዎቼ ተለይቶ ጥቁር ሆነ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ላይ ይህ ምልክት በቀላሉ ይታለፋል። በተፈጥሮ ድዳቸው ጥቁር የሆነ ብዙ ጤነኞች ስላሉ ድድ መጥቆሩ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ቁም ነገሩ አዲስ ለውጥ መሆኑ ነው። የቀድሞ ፎቶግራፋችሁን አውጥታችሁ አስተያዩ፤ አብሯችሁ የሚኖረውንም ሰው ጠይቁ። እኔን «እንዲህ አልነበርክም» ብላ የተከራከረችኝ እህቴ ናት።

ከዚያ ነገሩን ያባባሰው ክስተት መጣ። በአንድ የጤና ተቋም የታይሮይድ፣ ማለትም የአንገት ዕጢ፣ ምርመራ ተደረገልኝና ታይሮይድን የሚያዝዘው ሆርሞን ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። የታይሮይድ ኪኒን ታዘዘልኝ። ድካሜ መነሻ የተገኘለት መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ግን ኪኒኑን በጀመርኩ በሳምንታት ውስጥ ከድሮው የባሰ ወደቅኩ። ኋላ እንደተረዳሁት ኮርቲሶል የተባለውን የአድሬናል ሆርሞን ያጣ ሰውነት ይህንን የታይሮይድ ቁጥር በራሱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ የታይሮይድ ኪኒን ደግሞ የሰውነትን የሥራ ፍጥነት ጨምሮ የቀረችውን ጥቂት ኮርቲሶል ቶሎ ያስወግዳታል። አድሬናል ዕጢዎቹ የተዳከሙበት ሰው ሳይታወቅ የታይሮይድ መድኃኒት ከጀመረ ወደ አጣዳፊ ቀውስ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የታይሮይድ ኪኒን ሲታዘዝላችሁ ከድካሙ ጋር ክብደት እየቀነሳችሁ፣ ስትነሡ እያዞራችሁና ቆዳችሁ እየጠቆረ ከሆነ «ከመጀመሬ በፊት የጠዋት ኮርቲሶሌ ይታይልኝ» በሉ። አስቀድማችሁ የጀመራችሁትን የታይሮይድ ኪኒን ግን ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቆሙ።

የወደቅኩበት ቀን ትኩሳት ነበረኝ፤ ከጉንፋን የማያልፍ። ከቀትር በኋላ ማስታወክ ጀመርኩ፤ ሆዴን እንደ ስለት ወጋኝ፤ ማታ ላይ የምናገረው እርስ በርሱ መያያዝ አቆመ። እህቴ ድንገተኛ ክፍል አደረሰችኝ። እዚያ ተረኛ የነበረች ወጣት ሐኪም ነፍሴን አተረፈች፤ ያደረገችውም ምንም የተለየ መሣሪያ የማይጠይቅ ነገር ነው። የደም ግፊቴን ተኝቼ ለካችኝ። ከዚያ ሁለት ሰው ደግፎኝ እንድነሣ አድርጋ እንደገና ለካችኝ፤ ቁጥሩ ወደታች ተንሸራተተ። መዳፌን ወደ መብራቱ አዙራ መስመሮቹን በአውራ ጣቷ እየዘረጋች አየች። ከንፈሬን ገልጣ ድዴን አየች።

«ጨው ያምርዎታል?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። እህቴ ቀድማ «ይልሰዋል እንጂ!» አለች።

ሐኪሟ ዞር ብላ ለነርሷ ደም እንድትቀዳልኝ ነገረቻትና ወደኛ ተመለሰች። «አድሬናል ዕጢዎችዎ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን እያመረቱ አይመስለኝም። የደሙ ውጤት እስኪመጣ ብጠብቅ ላጣዎት እችላለሁ። ስለዚህ መርፌውን አሁን እሰጥዎታለሁ» አለች። ኮርቲሶልን የሚተካው ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊግራም በደም ሥሬ ገባ፤ የጨው ውኃውም፣ ማለትም ሳላይን፣ 1 ሊትሩ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ተደርጎ ተለቀቀ። የስኳር መጠኔም ወርዶ ስለነበር ግሉኮስ ተጨመረበት። ለወራት ያልተፈታው ነገር በሰዓታት ውስጥ ተገለበጠ። በማግሥቱ ጠዋት ተቀምጬ ምግብ ጠየቅኩ።

የበሽታዬ ስም የአዲሰን በሽታ ነው። ስሙ የመጣው በለንደን የጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ከነበረው ከቶማስ አዲሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ነገሩን መጀመሪያ አነሣው፤ በ1855 በዝርዝር አሳተመው። የድካሙን፣ የማስታወኩንና የቆዳውን መጥቆር ከሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ጋር ያገናኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በዚያ ዘመን ከመረመራቸው ሕመምተኞች የብዙዎቹን ዕጢዎች ያወደመው የሳንባ ነቀርሳ ነበር። የሚሰጣቸው መድኃኒት አልነበረም። ኬንዳል፣ ራይክስታይን እና ሄንች በአድሬናል ሆርሞኖች ላይ በሠሩት ሥራ የኖቤል ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ ሆርሞኑ በመድኃኒትነት ከተገኘ በኋላ ግን ይህን በሽታ ይዞ ረጅም ዕድሜ መኖር ተቻለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲም ይህ በሽታ ነበረባቸው። አልጋ ላይ ሆኜ ይህን ስሰማ ልቤ ተጽናና፤ በሽታው ተይዞ የሚሠራበት፣ የሚኖርበት ነገር መሆኑን የነገረኝ የመጀመሪያው ወሬ ነበርና።

ዕጢዎቹ በእያንዳንዱ ኩላሊት አናት ላይ የተቀመጡ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 5 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናሉ። ቅርፊታቸውና ውስጣቸው የተለያየ ሥራ አላቸው። ውስጠኛው ክፍል ሰው ሁሉ ስሙን የሚያውቀውን አድሬናሊንን ያመነጫል፤ ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመታው እርሱ ነው። የሚገርመው፣ የዚህ ክፍል መጥፋት ምትክ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ የነርቭ ጫፎች የሚያመነጩት ኖርአድሬናሊን ሥራውን ይሸፍነዋል። ሕይወት የተንጠለጠለው በቅርፊቱ ላይ ነው። ቅርፊቱ ሦስት ንብርብር አለው። የላይኛው አልዶስቴሮንን ይሠራል፤ አልዶስቴሮን ኩላሊት ጨውን እንዲያስቀርና ፖታሲየምን እንዲያስወጣ ያደርጋል። እርሱ ሲጠፋ ጨው በሽንት ይፈሳል፣ ውኃው ይከተለዋል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ፖታሲየም ደግሞ ተጠራቅሞ ልብን ያውካል። እኔ ጨው የምልሰው ሰውነቴ የሚፈስበትን ለመተካት ሲታገል ነበር። መካከለኛው ንብርብር ኮርቲሶልን ይሠራል። የታችኛው ደግሞ አንድሮጅን የሚባሉትን ደካማ የወንዴ ሆርሞኖች ያመነጫል፤ በዚህ በሽታ የተያዙ ሴቶች የብብትና የብልት ፀጉራቸው ሊሳሳ፣ የወሲብ ፍላጎታቸውም ሊቀንስ የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ኮርቲሶል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቀረው ነገር ሁሉ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነውና። ብዙ ሰው «የጭንቀት ሆርሞን» ሲባል ሰምቶ መቀነስ ያለበት ነገር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ያለ ኮርቲሶል መኖር አይቻልም። ስኳርን በደም ውስጥ ያቆያል፤ የደም ሥሮች ግፊቱን እንዲይዙ ይረዳል፤ የበሽታ መከላከያ ኃይላችን ከልክ እንዳያልፍ ይገታል። በጤነኛ ሰው መጠኑ ጎሕ ሲቀድ ይጨምራል፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ እስከ ከፍታው ይደርሳል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከሁሉም ዝቅ ይላል። ሰው ትኩሳት ሲይዘው፣ ሲሰበር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ዕጢው ማንም ሳያዝዘው ምርቱን በብዙ እጥፍ ያሳድጋል። የኔ ዕጢ ይህን አያደርግም። ስለዚህ እርሱ ሳይጠየቅ ይሠራው የነበረውን እኔ አስቤ፣ ሰዓት ቆጥሬ መሥራት አለብኝ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የዚህ አንድ ነገር ዝርዝር ነው።

ቆዳው ለምን ይጠቁራል ብላችሁ ከሆነ፣ ዕጢውን የሚያዝዘው በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ልኮ «ኮርቲሶል አምርት» ይለዋል። መልስ ሲያጣ፣ ሰው በሌለበት ቤት በር ላይ እየጮኸ እንደሚያንኳኳ እንግዳ፣ ትእዛዙን ያበዛዋል። ይህ የበዛ ኤሲቲኤች ቆዳን የሚያቀልሙትን ሕዋሳት አብሮ ይቀሰቅሳቸዋል።

ምርመራው ውስብስብ አይደለም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ የሚቀዳ የኮርቲሶል ደም የመጀመሪያው ነው። በዴሲሊትር ከ3 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ዕጢው መሥራት እንዳቆመ በጣም ያጠራጥራል። ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ደም ግን ጤነኛውንም ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ብዙ ሰው በከንቱ ይደናገጣል፤ ሰዓቱን አስጠብቁ። መካከል ላይ ለሚወድቅ ውጤት የሲናክተን ፈተና አለ፤ ከኤሲቲኤች ጋር ተመሳሳይ የሆነ 250 ማይክሮግራም መድኃኒት ይወጉና በ30ኛውና በ60ኛው ደቂቃ ኮርቲሶሉ መነሣቱ ይታያል። የኔ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። አብሮ የተለካው ኤሲቲኤች ደግሞ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ነበር፤ ችግሩ ከፒቱታሪ ሳይሆን ከራሳቸው ከአድሬናል ዕጢዎቹ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ቀጥሎ ምክንያቱ ተፈለገ። የኔ መነሻ የበሽታ መከላከያ ኃይሌ ዕጢዎቼን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃቱ ነው። በሌሎች ዘንድ የሳንባ ነቀርሳ፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚመጡ ኢንፌክሽኖች፣ በዕጢው ውስጥ ደም መፍሰስ ወይም ከሌላ ቦታ የተሠራጨ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አገኘነው» ሲሏችሁ «ምክንያቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደኔ ያለው ሰው የታይሮይድ፣ የስኳርና የቫይታሚን ቢ12 ጉዳይም በየጊዜው ሊታይለት ይገባል፤ እነዚህ አብረው የመምጣት ልማድ አላቸው።

እዚህ ላይ የአዲሰን በሽታ የሌለባቸው ብዙ ሰዎች የሚያገኛቸውን አንድ አደጋ ካላነሣሁ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታሶን ወይም ሌላ እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ የስቴሮይድ መድኃኒት ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ዕጢዎቹ «ሥራው ተሠርቶልናል» ብለው ሊያንቀላፉ ይችላሉ። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለቆዳ ወይም ለሌላ ሕመም ታዝዞለት የተሻለው ሰው መድኃኒቱን በአንድ ቀን ሲያቆም ሰውነቱ ያለ ኮርቲሶል ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ቆዳቸው አይጠቁርም፤ ጨውም ብዙውን ጊዜ አይጎድላቸውም፤ ስለዚህ ከኔም ይልቅ ሊሳቱ ይችላሉ። ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ማዞር ብቻ ይታይባቸዋል። ቆዳ ያፈካሉ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶችም ክሎቤታሶል የተባለ ጠንካራ ስቴሮይድ ይዘው ይገኛሉ፤ ሰፊ የሰውነት ክፍል እየተቀቡ ለወራት የቆዩ ሰዎች ዕጢዎቻቸው ተኝተው ተገኝተዋል። እነዚህን መድኃኒቶች በሐኪም መሪነት ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው መተው።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮዬ። ሃይድሮኮርቲሶን እወስዳለሁ፤ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም ሆኖ በሁለት ወይም በሦስት ይከፈላል። ትልቁ ድርሻ ገና ስንነቃ ነው፤ የመጨረሻው ከመኝታ ብዙ ሰዓት ቀደም ብሎ፤ አምሽቶ የተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ብዙ ስለማይቆይ መከፋፈሉ ግድ ነው። ለጨው ደግሞ አልዶስቴሮንን የምትተካ፣ ፍሉድሮኮርቲሶን የተባለች ትንሽ ኪኒን ጠዋት እወስዳለሁ። የጠዋቱን ኪኒንና አንድ ብርጭቆ ውኃ ከራስጌዬ አስቀምጬ አድራለሁ። ስነቃ እውጥና ግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም እላለሁ። ተነሥቼ መድኃኒት ፍለጋ ስዞር ከሚያጋጥመኝ ማዞርና ንዴት ይህ አዳነኝ። ሌሎቻችሁም ሞክሩት፤ ከቀላሎቹ ምክሮች ሁሉ በኑሮዬ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው።

መጠኑ ትክክል መሆኑን የሚነግር አንድ የደም ቁጥር የለም። ክብደት፣ የደም ግፊት ተኝቶና ቆሞ፣ ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ከኩላሊት የሚመነጨው ሬኒን፣ ከሁሉም በላይ የራስ ስሜት ተደማምረው ይናገራሉ። ድካም ባለ ቁጥር በገዛ ፈቃድ ኪኒን መጨመር ግን አደገኛ ልማድ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ለወራት ሲወሰድ ፊት ይከብባል፣ ሆድ አካባቢ ስብ ይጠራቀማል፣ ስኳርና ግፊት ይነሣሉ፣ አጥንት ይሳሳል። ጨው አይከለከልም፤ በሙቀትና ብዙ በሚያልብ ሥራ ጊዜ እንዲያውም ይጨመራል። ለሌላው ሕዝብ «ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክር ለኛ እንደማይሠራ ለቤተሰብ አስረዱ፤ ቅን ዘመድ ከማዕድ ላይ ጨው ያነሣብናል።

ሁለተኛው ቀውስ የመጣው ሁሉ ነገር ደህና በሆነበት ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ስወጣ ኪኒኖቹን እንዴት እንደምወስድ በደንብ ተነግሮኝ ነበር። የሆድ ሕመም ይዞኝ ያስመለሰኝ እንደሆነ ምን ላድርግ የሚለውን ግን ማንም አላነሣውም። አንድ ሌሊት ተቅማጥና ትውከት ያዘኝ። የዋጥኩትን ኪኒን ወዲያው አስመለስኩት። ሌላ ዋጥኩ፤ እርሱም ወጣ። ጠዋት ላይ እግሬ አልያዘኝም፤ የመጀመሪያው ሌሊት ሁሉም ምልክት ተመልሶ መጣ። ሆስፒታል ስደርስ ደግሞ «መጀመሪያ ትውከቱን እናክም» ብለው ወረፋ ላይ አቆዩኝ። እህቴ የመጀመሪያውን የሕክምና ወረቀቴን ይዛ ቆማ እየጮኸች ካላነበበችላቸው በስተቀር መርፌውን ባላገኘሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆርሞን ሐኪሜ በወረቀት ጽፎ የሰጠኝ ደንብ በቁም ሳጥኔ በር ላይ ተለጥፏል። የናንተ ሐኪም መጠኑን ለናንተ ያስተካክልላችሁ፤ መሠረቱ ግን ይህ ነው። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ የዕለቱ ሃይድሮኮርቲሶን እጥፍ ይሆናል፤ ከ39 ካለፈ ሦስት እጥፍ። እስኪሻል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን፣ እንዲያ ይቆይና ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ኪኒን በዋጣችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ያንኑ ድገሙ። የተደገመውም ከወጣ ሦስተኛ ኪኒን አትሞክሩ፤ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በጡንቻ ተወግታችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ብርቱ አደጋ፣ ስብራት፣ ራስን መሳትም እንዲሁ ነው። ለሕፃናት መጠኑ እንደ ዕድሜያቸው ያነሰ ስለሆነ ወላጆች አስቀድመው ያስጽፉት። ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድና ጥርስ ማስነቀል ሲኖር ተጨማሪ ስቴሮይድ ስለሚያስፈልግ ለሚያክማችሁ ሰው ቀደም ብላችሁ ተናገሩ። እርግዝናም ላይ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ መጠኑ ሊጨምር ይችላል። ስታመሙ ሌላውን መድኃኒት ማቆም ይኖርባችሁ ይሆናል፤ ይህን ግን አንድም ቀን አታቁሙ። መርፌው ሳያስፈልግ ቢወጉት አንድ ቀን አይጎዳችሁም፤ ሲያስፈልግ ቢቀር ግን ይገድላል። ስለዚህ ስትጠራጠሩ ውጉ።

መርፌውን እኔ ብቻ ባውቀው ዋጋ የለውም፤ በሚያስፈልገኝ ሰዓት እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አእምሮዬም ይደበዝዛል። እህቴን ነርሷ አስተማረቻት። ዱቄቱ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አለ፤ የተዘጋጀለትን ውኃ ታስገባበታለች፣ እስኪጠራ በእርጋታ ታዞረዋለች፣ ወደ ሲሪንጁ ትስበዋለች፣ አየሩን ወደላይ ትገፋለች። ከዚያ ጭኔን በውጭ በኩል መሐል ላይ ትይዝና ቀጥ አድርጋ ታስገባዋለች። መጀመሪያ ስፖንጅ ላይ ተለማመደች፤ እጇ ሲፈራ «ሱሪውን ለማውለቅ ጊዜ ከሌለ በልብሱ ላይም ይወጋል» ብላ ነርሷ አደፋፈረቻት። ጊዜው ያለፈበትን ጠርሙስ አንጥለውም፤ እህቴ ትፈታዋለች፣ ትበጠብጠዋለች፣ ስፖንጁን ትወጋበታለች። እንዲህ እጇ አይረሳም።

ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ስለምትወስዱት ሁሉ ንገሩ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ሃይድሮኮርቲሶንን ቶሎ ስለሚያጠፉት መጠኑ መጨመር ሊኖርበት ይችላል። በተቃራኒው ሪቶናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ስቴሮይድ በሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል። «የአድሬናል ድካም» በሚል ስም ስለሚሸጡ ማሟያዎችም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ይህ በሆርሞን ሐኪሞች ዘንድ እውቅና ያለው በሽታ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ማሟያዎች ስሙ ያልተጻፈ ስቴሮይድ ይዘው ተገኝተዋል። የደከመው ሰው ድካሙ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው እውነተኛ ምርመራ የሚገባው።

ቤተሰብ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ኮርቲሶል ሲያንስ የሰው ጠባይ ይለወጣል። ዝም ይላል፣ ይነጫነጫል፣ ለቀላል ጥያቄ መልስ ያጣል። እህቴ አሁን ከኔ በፊት ታውቀዋለች፤ «ኪኒንህን ወስደሃል?» ስትለኝ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ አልፎኛል። ሕመምተኛውን ሰነፍ ወይም አኩራፊ ከማለታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ጠይቁት። ግራ የገባው፣ ላብ ያጠመቀውና የገረጣ ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን ትታችሁ መርፌውን አንሡ።

ካርድ ያዙ፤ በእጅ የሚታሠር ምልክትም ካገኛችሁ እሠሩ። ተለዋጭ ኪኒን ከቤት ውጭ በምትውሉበት ቦታ አስቀምጡ፤ ስትጓዙ መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አታድርጉ። የኔ ካርድ ላይ የተጻፈውን እንዳለ አስቀምጥላችኋለሁ፤ ገልብጡት፣ ሐኪማችሁ አይቶ ይፈርምበት፣ በምትሄዱበት አገር ቋንቋም አስተርጉሙት።

«አድሬናል ዕጢዎቼ አይሠሩም፤ በስቴሮይድ እኖራለሁ። ካስመለስኩ፣ ከተጎዳሁ ወይም ራሴን ከሳትኩ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን በጡንቻ ወይም በደም ሥር ወዲያውኑ ስጡኝ። ሳላይን ጀምሩልኝ፤ ስኳሬን ለኩ። የምርመራ ውጤት አትጠብቁ።»